ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ የቆመው ማሽን

ባለፈው ማክሰኞ ከቤቴ ብዙም ወደማይርቀው ቤተ መጻሕፍት ጎራ ብዬ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን እዚያ መሄድ ልማዴ ነው፤ ከባጃጅ ጥሩምባ የምሸሸግበት ሌላ ቦታ በአዳማ አልቀረልኝም። የምመልሰውን መጽሐፍ ይዤ ጠረጴዛው ጋ ስደርስ ተረኛው ልጅ ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ ሳያነሳ፣ «ማዘር፣ ሲስተም የለም» አለኝ።

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ስህተት አለ እያለ ነው። የሚሠራ ሰው እየጠበቅን ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን መጽሐፉን አስቀምጦ ውልቅ ይላል። እኔ ግን አልሄድኩም። በጠረጴዛው ላይ ዘንበል ብዬ አንገቴን ሰገግ አድርጌ፣ «ቀኑን አይታችሁታል?» አልኩት። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «ቀኑን? ማዘር፣ ቀን እኮ አሁን ራሱ ነው የሚሞላው» አለና በትሕትና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ወጥቼ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ፤ ለግማሽ ሰዓት ያህልም ከዚያ አልተነሳሁም፣ ምክንያቱም በሐሳቤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ያን ጊዜ ከተማችን ናዝሬት ነበር የምትባለው። አዳማ የሚሏት የገጠሩ ሰውና የሁሩታው ተወላጅ አባቴ ብቻ ነበሩ። ባጃጅ የሚባል ነገር አልተወለደም፤ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው በጋሪ ነው የምንሄደው። እኔ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ የማሠልጠኛ ተቋም ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ረዳት ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ ስላላመጣሁ የስድስት ወር ኮርስ ወስጄ የገባሁበት ሥራ ነው። ስንት ሰው ሥራ ፍለጋ በሚንከራተትበት ዘመን ጥላ ሥር ተቀምጦ መጽሐፍ ማደል እንደ ሎተሪ ይቆጠር ነበር።

አለቃዬ ጋሽ ደምሴ ይባሉ ነበር። በናዝሬት ሙቀት እንኳ ከረባታቸውን የማይፈቱ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ነበሩ። የእጅ ጽሑፋቸው ሲያዩት ያስቀናል። በቤተ መጻሕፍቱ መሳቢያዎች ውስጥ የነበሩትን ካርዶች በሙሉ ለሃያ ምናምን ዓመት በዚያ እጃቸው የጻፏቸው እሳቸው ናቸው። ታዲያ ይህን ሁሉ ካርድ የጻፈ ሰው ኮምፒዩተር ይጠላል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። በተቃራኒው ነው። ከጓደኛቸው ስለ ነገሩ ከሰሙ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ለዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲጽፉ ኖረው፣ በነሐሴ ወር አንዷ ማሽን በሳጥን ተጭና መጣችላቸው።

ያን ቀን የተቋሙ ሰው ሁሉ መጥቶ አይቷታል። አረንጓዴ ፊደል የምታወጣ፣ ስትነሳ እንደ ድመት የምታንኮራፋ ነገር ነበረች። አቧራ አይወድላትም ስለተባለ ጫማ እያወለቅን ነበር ወደ ክፍሏ የምንገባው። የጋሽ ደምሴ ባለቤት ዳንቴል ሠርተው ላኩላት፤ እሱን ማታ አልብሰናት ጠዋት እንገልጥላት ነበር። እኔን ደግሞ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና አዲስ አበባ ላኩኝ። ስመለስ መሬት አልበቃኝም። በመላው ናዝሬት ኮምፒዩተር የምታስነሳ ሴት እኔ ብቻ እንደሆንኩ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ባልሆንም እንኳ እንደዚያ ነበር የምራመደው።

ማሽኗን የተከለልንና ያሠለጠነኝ አቶ ብርሃኑ የሚባል የዋናው መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነበር። የመጻሕፍቱ ፕሮግራም ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነባት አንዲት አጭር ጽሑፍ አለች። ዛሬ ልጆቹ ኮንፊግ የሚሏት እሷ ነች፤ አቶ ብርሃኑ ግን «የማስነሻ ዝርዝር» ብሎ ነው ያስተማረኝ። አሥራ ሁለት መስመር ነበራት። የቤተ መጻሕፍቱ ስም፣ የመጻሕፍቱ መዝገብ የት እንደተቀመጠ፣ አንድ መጽሐፍ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ፕሮግራሙ መጨረሻ የተከፈተበት ቀን፣ የመሳሰለው። ከመስመሮቹ አንዱ ከተዛባ ፕሮግራሙ በሩን ዘግቶ ይወጣል። ማሽኗ ደግሞ ስትጠፋ ዛሬ ማን እንደሆነ ትረሳለች፤ ባትሪ ያላት ሰዓት አልነበራትም። ስለዚህ በየጠዋቱ ስትነሳ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብላ በእንግሊዝኛ ትጠይቀኛለች፣ እኔም ቀን፣ ወር፣ ዓመት እያልኩ እጽፍላታለሁ። ይህችን ሥራ ለማንም አልሰጥም ነበር።

ከመስከረም መባቻ ጀምሮ ጋሽ ደምሴ ካርድ እያነበቡ፣ እኔ እየመታሁ ከሁለት ሺህ በላይ መጻሕፍት አስገባን። የተዋሰውንም ሰው በማሽኗ መመዝገብ ጀመርን። ካርዶቹ በየመሳቢያቸው ወደ መጋዘን ወረዱ፤ ቦታቸውም ለሌላ ቢሮ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ምን መጽሐፍ የት እንዳለ፣ በማን እጅ እንዳለ የምታውቀው ማሽኗ ብቻ ነበረች።

በጥቅምት አጋማሽ አንድ ደብዳቤ መጣ። ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ማሽኖቹ በየክፍለ ሀገሩ ሥራ ላይ መዋላቸውን ያያል፤ ያልዋሉትን በመጣበት መኪና ጭኖ ይመልሳል። የሚመጡት ሐሙስ፣ ጥቅምት ሠላሳ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ ማሽናችንን የሚመኝ ክፍል እንዳለ ጋሽ ደምሴ ሰምተዋል። እኛ ግን ምን ቸገረን? ቤቱን ጠርገን፣ ዳንቴሉን አሳጥበን፣ ደረታችንን ነፍተን ጠበቅን።

ረቡዕ ጠዋት፣ ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ፣ ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ በነበረው ኬክ ቤት በኩል አልፌ ሁለት ቦምቦሊኖ በወረቀት አስጠቅልዬ ገባሁ። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ማሽኗን አስነሳሁ፣ ቀኑን ስትጠይቀኝ ጻፍኩላት። «ትክክለኛ ቀን አይደለም» አለችኝ። እጄ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። አሁንም እንቢ። አንዳንድ ጠዋት እንደ ሰው ትነጫነጫለችና፣ ምንም ሳልጽፍ የማለፊያውን ቁልፍ ተጭኜ ባዶውን አለፍኩት። ከዚያ የመጻሕፍቱን ፕሮግራም ስጠራ፣ በማስነሻ ዝርዝሩ ሰባተኛ መስመር ላይ ስህተት አለ የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፋ ድርግም አለች።

መልሼ አስነሳኋት። ያው ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው፣ የሁለት ወር ልፋታችን እዚያው ሆዷ ውስጥ ተቀምጧል፣ እኛ ግን አንዲት ርዕስ እንኳ ማየት አልቻልንም።

ጋሽ ደምሴ ሲገቡ ፊቴን አይተው ጠየቁኝ። ስነግራቸው ከረባታቸውን ነካ ነካ አደረጉና፣ «በይ አንቺ ልጅ፣ ዝርዝሩን በወረቀት አውጪው። በመስመር በመስመር እናያለን» አሉ።

አወጣነው። ሰባተኛው መስመር ፕሮግራሙ መጨረሻ የተከፈተበት ቀን ነበር፦ 28፣ 2፣ 82 ይላል። ትናንት ጥቅምት ሃያ ስምንት ነበር፤ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፤ ዓመቱም ሰማንያ ሁለት። ሁለታችንም ደጋግመን አየነው፣ አንዳች እንከን የለውም። እንግዲያው ችግሩ ሌላ ቦታ ሆኖ ሰባተኛው ላይ አመካኝቶ ይሆናል ብለን ከላይ ጀመርን። እኔ ሁለተኛውን መስመር ሳስተካክል አንዲት ነጠላ ሰረዝ አጥፍቼ ኖሮ፣ አሁን ደግሞ «ሁለተኛ መስመር ላይ ስህተት» ማለት ጀመረች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! እሷን ለማግኘት ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ሳገኛት ጮህኩ፣ ከዚያ እንደገና ሰባተኛ መስመር።

ወሬው በግቢው ተዳረሰ። ዘበኛው ሙቀት መቷት ነው አሉ፣ የኤሌክትሪክ መምህሩ ኃይል አንሷት ነው አለ፣ ጸሐፊዋ ዓይን ነው አለች። አንዱ ማራገቢያ አምጥቶ ያራግብላት ጀመር። እኔ አላፍርም፣ እውነቱን ልናገር፦ እየፈራሁ ቢሆንም ደስ ይለኝ ነበር። አንድ መስመር በቀየርኩ ቁጥር ይቺ ትሆናለች ብዬ እጓጓለሁ፤ ሳትሆን ስትቀር ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይመጣልኛል። እንደዚያ ቀን ጭንቅላቴ ነቅቶ አያውቅም።

ጋሽ ደምሴ ስልክ ያዙ። ለአዲስ አበባ መስመር አርባ ደቂቃ ጠበቁ። ስልኩን ሲዘጉ ግን ፊታቸው በርቷል። «ሩትዬ፣ አቶ ብርሃኑ የት ያለ ይመስልሻል? ሴሚናር ላይ ነው፤ ሶደሬ!»

ሶደሬ ማለት እኮ አፍንጫችን ሥር ነው። ተቋሙ አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። የመውጫ ፈቃድ አስፈርመው፣ ዝርዝሩን አሲዘው፣ ያልበላሁትን ቦምቦሊኖ ጨምረው ከሾፌሩ ከኦቦ ሁሴን ጋር ሰደዱኝ። ኦቦ ሁሴን የአቦምሳ ሰው ናቸው፤ ሲነዱ መሪውን ሳይሆን መንገደኛውን ነው የሚያዩት። በየመንደሩ ለሚያገኙት ሰው ሁሉ በመስኮት «አካም ጅርታ!» እያሉ፣ መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ።

ጥቅምት በስምጥ ሸለቆ ደግ ወር ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ አቧራው ገና ሙሉ ጉልበቱን አላገኘም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሽንኩርት ማሳ ይሸታል። ሴቶች ፓፓያ በሳፋ ደርድረው ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ኦቦ ሁሴን አንድ ገዝተው በሰንጢ ከፈሉና ግማሹን ሰጡኝ፤ ጭማቂው ክርኔ ድረስ እየወረደ በላሁት። አንድ እጄ ግን ዝርዝሩን ይዞ ነበር።

ሶደሬ ደርሼ አቶ ብርሃኑን ሳፈላልግ፣ አንዲት ጦጣ ከዛፍ ወርዳ ቦምቦሊኖውን ከነወረቀቱ ከእጄ መነጨቀችኝ። ዝርዝሩን ስላልወሰደች ተመስገን ብዬ ወደ ፍል ውኃው ገንዳ ሄድኩ። አዲስ አበባ ሳውቀው በሙሉ ልብስ ነበር፤ አሁን ከእንፋሎቱ መካከል ጭንቅላቱ ብቻ ነው የሚታየው። ሴሚናሩ ከቀትር በኋላ ለዕረፍት ተበትኖ ኖሯል።

«ሩት! አንቺ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

ገንዳው ዳር ተንበርክኬ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። እጁን ከውኃው አውጥቶ አራገፈና፣ «መነጽሬ ክፍሌ ነው፤ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አለ። አነበብኩለት። በየመስመሩ «ልክ ነው፣ እሺ፣ ቀጥዪ» ይላል። ሰባተኛው ጋ ስደርስ፣ «ይሄ የትናንት ቀን ነው፣ በትክክል ገብቷል» አልኩት።

«የትናንት ከሆነ ደህና ነው» አለ። «ሳላየው ምንም ልልሽ አልችልም። እኔ ደግሞ እስከ ዓርብ ከዚህ መንቀሳቀስ አልተፈቀደልኝም። ለኮሚቴው ማስታወሻ ልጻፍልሽ፤ በመልሴ አልፌ እሠራዋለሁ፣ እስከዚያ ታገሡ ብዬ።»

ኮሚቴው እንደማይታገሥ ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም ከውኃው ወጥቶ፣ ፎጣ ለብሶ፣ በእርጥብ እጁ ጻፈልኝ። አመስግኜ ወደ ፒካፗ ተመለስኩ።

መልካሳን ስናልፍ ነበር። ኦቦ ሁሴን እንኳ ሰላምታቸውን ቀነስ አድርገው፣ «አይዞሽ፣ ረቢ ያውቃል» ይሉኛል። ከማኩረፌ ብዛት ማስታወሻውን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ከወረቀቱ ራስ ላይ፣ ቀለሙ በውኃ ትንሽ ፈሶ፣ 8፣ 11፣ 89 ይላል። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው አልኩ በልቤ። ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ነው እንጂ ስምንት ማን አለው? ከዚያ አቶ ብርሃኑ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ስለሚሠራ ቀኑን በፈረንጅ እንደሚጽፍ ትዝ አለኝ። ስምንት፣ ኖቬምበር፣ ሰማንያ ዘጠኝ።

ወረቀቱን ይዤ ቀረሁ።

ማሽኗስ? ማሽኗ የማን አገር ናት? ጥቅምት የምትባል ወር ሰምታ ታውቃለች? እኔ ሁለተኛ ወር ብዬ በጻፍኩላት ቁጥር እሷ የምታነበው ፌብሩዋሪ ነው! ፌብሩዋሪ ደግሞ በዚያ ዓመት ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ነው ያላት። ሃያ ዘጠኝ ብላት እንዴት እሺ ትበል? እስከ ትናንት እሺ ያለችኝ ቀኑ ስላልሞላባት ነው። ዛሬ እንቢ ስትለኝ ደግሞ ባዶውን አለፍኩት። ባዶ ስትሆን ማሽኗ ከተሠራችበት የድሮ ዓመት ትጀምራለች። ፕሮግራሙም ሰባተኛውን መስመር አይቶ፣ «መጨረሻ የተከፈትኩት ወደፊት በሚመጣ ቀን ነው እንዴ?» ብሎ ግራ ተጋብቶ ዘጋ!

«አቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። ኦቦ ሁሴን ደንግጠው ፍሬኑን ረገጡት፤ አሁን ያለፍናት የፈረስ ጋሪ ልትወጣብን ምንም አልቀራት።

«ያ ረቢ! ማሊ ኩኒ? ሰው ገጨሁ እንዴ?»

«የለም፣ አገኘሁት! ሂዱ፣ ሂዱ፣ በፍጥነት!»

«አቁሙ አልሽ፣ ሂዱ አልሽ፣ ሴትዮ አንዱን ምረጪ» እያሉ ነዱ። ናዝሬት እስክንደርስ እግሬ የመኪናዋን ወለል እየደበደበ ነበር። መሐል ላይ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በመስከረም ሥራ በጀመርንበት ቀን፣ ጋሽ ደምሴ ከጀርባዬ ቆመው፣ «ልጄ፣ ይሄ የፈረንጅ ማሽን ነው፤ ቀኑን በእኛ ነው በእነሱ የሚፈልገው? አቶ ብርሃኑን ብንጠይቀውስ?» ብለውኝ ነበር። እኔ የሁለት ሳምንት ምሁሯ ዞር እንኳ ሳልል፣ «ጋሽዬ፣ ማሽን ምን ቸገረው፣ ቁጥር ቁጥር ነው» ብያቸው ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። ቢሮ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ጫማዬን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ማሽኗ ቀኑን ስትጠይቀኝ ስምንት፣ አሥራ አንድ፣ ሰማንያ ዘጠኝ ብዬ መታሁ። ጸጥ ብላ ተቀበለችኝ። ፕሮግራሙን ጠራሁት። ተከፈተ! የቤተ መጻሕፍታችን ስም በአረንጓዴ ወጣ። ጋሽ ደምሴን አቅፌ ዘለልኩ፤ እኒያ ከረባታም ሰውዬም አብረውኝ በካልሲያቸው ዘለሉ። ኦቦ ሁሴን ከበሩ ላይ፣ «ባዬ ጋሪ! ባዬ ጋሪ! በጣም ጥሩ!» እያሉ ያጨበጭባሉ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት ጊዜያቸው ያለፈባቸውን ተዋሾች ዝርዝር ማውጣት ልማዱ ነው። ሌላ ጊዜ ሦስት አራት ስም ነበር የሚያወጣው። አሁን ስሙ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አያልቅም። መጽሐፍ የተዋሰ ሰው በሙሉ፣ መቶ ሰባ ያህል፣ ከእነ ዳይሬክተሩ፣ እያንዳንዳቸው ሰባት ዓመት ከምናምን ወር ዘግይተዋል! ለካ እኔ እያንዳንዱን ውሰት በኢትዮጵያ ዓመት ነው የመዘገብኩት። ማሽኗ ዛሬ ሰማንያ ዘጠኝ ነው ሲሏት ቁጥር ቀነሰች።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፣ ብልጥም ነበር። «ጋሽዬ፣ በቃ ሰባተኛውን መስመር ወደ ድሮው ልመልስና ነገ ኅዳር አንድ ብዬ ልጻፍላት። አንድ፣ ሦስት፣ ሰማንያ ሁለት። እሱን ያለ ምንም ጣጣ ትቀበለዋለች። ማንም ሳያውቅ ይከፈታል፣ ዝርዝሩም እንደ ድሮው ይሆናል።»

እውነትም ይሆን ነበር። እንዲያውም ሁለት ቀን ብንታገሥ ማሽኗ ራሷ በኅዳር መባቻ ትከፈት ነበር፤ እኔም ስህተቴን እስከ ጳጉሜን ሳላውቅ እቀር ነበር።

ጋሽ ደምሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነገ ኅዳር አንድ አይደለም፤ ጥቅምት ሠላሳ ነው። መጽሐፍ መቼ እንደወጣ የማያውቅ ቤተ መጻሕፍት መጋዘን ነው። ጠዋት በአንድ ሰዓት ነይ፣ እናርመዋለን።»

በማግስቱ በአንድ ሰዓት ከበሩ ላይ ተገናኘን። የሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን የያዘ የግድግዳ ካላንደር ከቤታቸው ነቅለው አምጥተዋል። እሳቸው የውሰት ወረቀቱን አንስተው፣ «መስከረም አሥራ ሁለት» ይሉና ካላንደሩ ላይ በጣታቸው ፈልገው፣ «ሴፕቴምበር ሃያ ሁለት» ይላሉ፤ እኔ እመታለሁ። አንድ በታረመ ቁጥር አንድ ስም ከዝርዝሩ ይጠፋል። ሃምሳ። ሰማንያ። ድምፃቸው ጎርነን እያለ፣ ጣቴ እየደነዘዘ፣ እየሳቅን ነበር የምንሠራው። መቶ ሃምሳ አልፈን ነበር፤ ግን ኮሚቴው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ከች አለ። አሥራ አንድ ስም ቀርቶን ነበር።

ሦስቱ እንግዶች ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ገቡ። ሰብሳቢዋ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ቆፍጣና ወይዘሮ ነበሩ። ከኋላቸው የተቋማችን የፖለቲካ ጉዳይ ኃላፊ ጓድ ሽፈራው ገባ። እሱን ሳይ ዓይኔን ወደ ማሽኗ መለስኩ። የእኛ ቤተሰብ ጴንጤ ነው፤ የጸሎት ቤታችን ታሽጎ በየሳሎናችን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንዘምርበት ጊዜ ነበር። ጓድ ሽፈራውም ይህን ያውቃል፣ ማወቁንም እንዳውቅ ያደርግ ነበር።

«እስቲ መጽሐፍ ፈልጊልኝ» አሉ ሰብሳቢዋ። ፈለግሁ፣ አገኘሁ፣ መደርደሪያውን ነገርኳቸው፤ አንዱ ሄዶ ከተባለው ቦታ አመጣው። ሦስት ጊዜ እንዲሁ። ከዚያ፣ «የዘገዩትንስ ያሳያል?» አሉ።

መጫን ነበረብኝ፣ ተጫንኩ። የቀሩት አሥራ አንዱ ስሞች ወጡ። በአናቱ ላይ ጓድ ሽፈራው፦ ሰባት ዓመት ከዘጠኝ ወር።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩት፣ ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ። ጓድ ሽፈራው ወደዚህ ተቋም ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። አልሳቀም። «ይሄ ስህተት ነው ወይስ አሻጥር? ቀኑን እንዲህ አድርጎ ያስገባው ማን ነው?» አለ። ይህን ሲል የሚያየው እኔን ነበር።

አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ፣ አልወጣልኝም።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ልጅቷ ያዘዝኳትን ነው የጻፈችው። በእኛ አቆጣጠር አስገቢ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ማሽኑ በፈረንጅ መሆኑን ሳላጣራ። ስህተቱን ያገኘችው ግን እሷ ናት፤ ሶደሬ ድረስ ሄዳ። በይ ሩት፣ እንዴት እንደሚታረም አሳዪያቸው።»

የጓድ ሽፈራውን ውሰት አወጣሁ። መስከረም አሥራ አምስት የሚለውን ሴፕቴምበር ሃያ አምስት አደረግሁት፣ ዝርዝሩን መልሼ ጠራሁት። ሌላው ሰው ሲታረም ከዝርዝሩ ይጠፋ ነበር፤ እሱ ግን ከሰባት ዓመት ወደ አንድ ወር ዝቅ አለ እንጂ አልጠፋም። መጽሐፉን በእርግጥም አልመለሰም ነበር!

ሰብሳቢዋ በሳቅ ፈነዱ። «እንግዲህ ማሽኑ መሥራቱን በዓይናችን አየን» አሉ። ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ሳቁን ለመደበቅ ወደ ካልሲያቸው አቀረቀሩ። ማሽኗ ቀረችልን። መኪናቸው ባዶዋን ከግቢ ስትወጣ እኔ መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር፤ ያኔ የተሰማኝን ዓይነት ደስታ በሠርጌም ቀን አልተሰማኝም፤ ባለቤቴ ይህን ሲያነብ ይቅር ይበለኝ።

በሳምንቱ ለጋሽ ደምሴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። «በጥንቃቄ ጉድለት» ይላል፣ የጓድ ሽፈራው ፊርማ አለበት። እሳቸው አንብበው አጣጠፉና በደረት ኪሳቸው ከተው፣ «ቀጣዩ ካርድ የቱ ነው?» አሉኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስንት ቀን አፌን ከፈትኩ። ባወራው የሚሰማ ጆሮ አይጠፋም ብዬ ፈራሁ። መንግሥት ተለወጠ፣ ፍርሃቱም ሄደ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ነገሩ አርጅቷል ብዬ ዝም አልኩ። በዚያችው ማሽን አጠገብ ጡረታ ወጡ።

ጋሽ ደምሴ ካረፉ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። አምና ልጃቸው ሰናይት የአባቷን ወረቀቶች ስታስተካክል ያን ደብዳቤ አግኝታ ይዛልኝ መጣች። «እትዬ ሩት፣ አብራችሁ ስለሠራችሁ ታውቂ ይሆናል። አባዬ በሥራው እንከን የሌለበት ሰው ነበር። ምን አጥፍቶ ነው?» አለችኝ።

«የዘመኑ ነገር ነው ልጄ» አልኳት። «ያኔ እኮ ሰው በምኑም ይከሰስ ነበር።»

አመነችኝ፣ ማን አያምንም? ደርግ ላይ አንድ ኃጢአት ብትጨምርበት ምን ይጎዳዋል? ግማሹም እውነት ነው፤ ያን ቀን ዝም ያሰኘኝ ያ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሠላሳ ምናምን ዓመታት ግን ዝም ያልኩት ራሴ ነኝ።

ከቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ተነስቼ ወደ ቤቴ የገባሁት በባጃጅ ሳይሆን በእግሬ ነው። እንደደረስኩ ሰናይት ጋ ደወልኩ። «ቅዳሜ ቤት ነሽ? ስለ አባትሽ ደብዳቤ የነገርኩሽ ውሸት ነው፤ መጥቼ እውነቱን ልንገርሽ» አልኳት። «ነይ እትዬ፣ እጠብቅሻለሁ» አለችኝ።